ሳይቃጠል በቅጠል

አንባቢ ሆይ፤ አገራችን የበረዶ አገር አይደለችም። በራስ ዳሸን አናት ላይ አልፎ አልፎ ነጭ ሆኖ የሚታየው በረዶ ፀሐይ ስትበረታበት የሚቀልጥ እንጂ ሰው የሚቀብር አይደለም። ይሁን እንጂ የዛሬውን ጨዋታ ከበረዶ አገር ጀምረን መርካቶ ሸማ ተራ ላይ ልናሳርፈው አስበናል። የሁለቱ ዝምድና ምን እንደሆነ ጥቂት ታግሠው ቢያነቡ ራስዎ ያገኙታል።

በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ተራሮች ላይ፣ ብርዱ በጠናበት ወራት፣ በበረዶ ላይ በሚሄድ ሞተር የሚጋልቡ ሰዎች አሉ። ሞተሩ ጎማ የለውም፤ ከፊቱ ሸርተቴ፣ ከሥሩ የሚሽከረከር ሰፊ ቀበቶ አለው። ፈረስ የማይወጣውን ዳገት በአንድ ትንፋሽ ይወጣል። ታዲያ በተራራው ተዳፋት ላይ የተከመረው በረዶ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ወጥ መስሎ ይታይ እንጂ፣ እንደ እንጀራ እየተነባበረ የተቀመጠ ነው። ከሥር ያለው ንብርብር የላላ እንደሆነ፣ ከላይ ክብደት ሲያርፍበት ተዳፋቱ በሙሉ ተገንጥሎ ይናዳል። የሚያሳዝነው ነገር፣ ሰው ከሚገድሉት የበረዶ ናዳዎች አብዛኞቹን የሚቀሰቅሰው የተቀበረው ሰው ራሱ ወይም አብሮት የመጣው ጓደኛው መሆኑ ነው።

በናዳ የተቀበረ ሰው የሚድነው ወይም የሚሞተው በደቂቃ ነው። በ15 ደቂቃ ውስጥ ተቆፍሮ የወጣ እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት ይገኛል። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ከሦስቱ አንዱ ቢተርፍ ነው። ከከተማ የሚላክ የአደጋ ሠራተኛ በሄሊኮፕተር እንኳ ቢነሣ በዚያ ደቂቃ ውስጥ አይደርስም። ስለዚህ የተቀበረውን የሚያወጣው አጠገቡ የነበረው ጓደኛው ብቻ ነው።

ከዚህ የተነሣ በእነዚያ አገሮች ሞተር ጋላቢዎች ከበረዶው ወራት በፊት ትምህርት እንዲወስዱ ይመከራሉ። ትምህርቱ ሦስት ነገር ያስተምራል። አንደኛው፣ የትኛው ተዳፋት እንደሚያስፈራና መቼ ትቶ መመለስ እንደሚገባ ነው። ሁለተኛው፣ አደገኛውን ተዳፋት አንድ በአንድ መሻገር ነው፤ አንዱ ሲወጣ ሌሎቹ ናዳው ከማይደርስበት ስፍራ ቆመው ይጠብቁታል እንጂ ተከትለውት አይወጡም። ሦስተኛው፣ እያንዳንዱ ሰው በሰውነቱ ላይ ምልክት የሚልክና የሚቀበል ትንሽ ራዲዮ፣ በረዶውን እየወጋ የሚፈልግበት ረጅም ዘንግና አካፋ እንዲይዝ፣ በእነዚህም እጁ እስኪለምድ ድረስ እንዲለማመድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ከአምስት ጓደኞች አንዱ ጥሩ አድርጎ ቢማር፣ አራቱ በእርሱ ቢተማመኑ አይበቃም? አይበቃም። የተቀበረው ያ የተማረው ሰው ቢሆን ማን ያወጣዋል? ትምህርቱ ለሁሉም መሆን ያለበት ስለዚህ ነው። ይህችን ነጥብ በልብዎ ይያዙልን፤ መርካቶ ላይ ታስፈልገናለች።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

መርካቶ የተባለው ገበያ በዛሬው ስፍራው የተተከለው ጣሊያን አገራችንን ይዞ በነበረበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የኢትዮጵያውያኑ ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እንዲሄድ በተደረገ ጊዜ ነው። አዲስ ከተማ የሚለውም ስም ከዚያው ጋራ የመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ በገበያው ውስጥ ተራ በተራ ላይ ተጨመረ፤ ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እየተባለ ስሙ ብቻ ቢቆጠር ይህ ገጽ አይበቃውም። ሱቁ ከሱቅ ጋራ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቋል። ጣቃው፣ ጥጡ፣ የስፖንጅ ፍራሹ፣ ላስቲኩና ካርቶኑ እስከ ጣራ ይደረደራል። የሚተርፈው ሥፍራ ሸክም የያዘ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ብቻ ነው።

ሰኞ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በሸማ ተራ የተነሣውን እሳት የማያስታውስ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። ነበልባሉ ከሩቅ ይታይ ነበር። እሳቱን ለመቆጣጠር ብዙ ሰዓት ወሰደ። የከተማው ባለሥልጣኖች በጊዜው እንደ ገለጹት፣ የሱቆቹ መጠጋጋት፣ የመንገዱ ጥበትና የዕቃው ተቀጣጣይነት ሥራውን እጅግ አክብዶት ነበር። የስንት ዘመን ድካም፣ የስንት እቁብ ገንዘብ በአንድ ሌሊት አመድ ሆነ።

አንባቢ ሆይ፤ የበረዶው ተራራና ሸማ ተራ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። በሁለቱም ስፍራ አደጋው ተጠራቅሞ የሚቆየው ለዓይን ሳይታይ ነው፤ እዚያ በንብርብር በረዶ፣ እዚህ በንብርብር ጣቃ። በሁለቱም የሚቀሰቅሰው ትንሽ ነገር ነው፤ እዚያ የአንድ ሞተር ክብደት፣ እዚህ ተረስቶ ያደረ ካውያ ወይም አምስት ዕቃ የተሰካበት አንድ ኤክስቴንሽን። በሁለቱም መንገዱ ጠባብ ወይም ሩቅ ስለሆነ ረዳት ቶሎ አይደርስም። በሁለቱም የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ባለቤት በዚያ ሰዓት በስፍራው የተገኘው ሰው ነው።

እሳት ሲጀምር ሕፃን ነው። በመጀመሪያው ደቂቃ በአንድ የእሳት ማጥፊያ ወይም በእርጥብ ብርድ ልብስ ይሞታል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ግን ሙቀቱ ወደ ጣራ ወጥቶ፣ በክፍሉ ያለውን ዕቃ ሁሉ አሙቆ፣ አንድ ጊዜ እንደ ችቦ ያቀጣጥለዋል። ከዚያ በኋላ ሥራው የእሳት አደጋ ሠራተኞች ነው፤ እነርሱም ቢሆኑ ውሃ ይዘው መግቢያ መንገድ ያስፈልጋቸዋል።

ሰው ግን በእነዚያ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ምን ያደርጋል? ያልተማረ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ድርቅ ብሎ ይቆማል፣ ወይ ዕቃውን ለማውጣት ይሮጣል። ዕቃው ወደ መንገድ ሲወጣ መንገዱ ይዘጋል፤ መንገዱ ሲዘጋ መኪናው አይገባም። ባለሱቁም አንድ ጣቃ አወጣሁ ብሎ ለሁለተኛው ይመለሳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ ላይ ከብብት የምትወድቀው ነፍስ መሆኗ ነው።

በመርካቶ ሲዘዋወሩ ብዙ ጊዜ የሚሰሙትን መልስ እንስማ። አንድ ወጣት ጸሐፊ አንድን አረጋዊ ነጋዴ፣ «አባባ፣ ሠራተኞችዎን ለምን የእሳት መከላከል ትምህርት አያስተምሯቸውም?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እሳቱን እሱ ያብርድልን! እኔ ግማሽ ቀን ሱቄን ዘግቼ ኪሳራውን ማን ይከፍለኛል? ደግሞስ ማጥፊያውን ገዝቼ ሰቅዬዋለሁ፤ ያውልህ» ይሉት ይሆናል።

አባባ እውነት አላቸው፤ ማጥፊያው ተሰቅሏል። ነገር ግን ከፊቱ ካርቶን ተደርድሮበታል፤ የተሞላበት ቀን ተረስቷል፤ በሱቁ ውስጥ ካሉት አራት ሠራተኞች በእጁ የነካው የለም። ማጥፊያ መግዛትና በማጥፊያ መሥራት መቻል፣ መጽሐፍ መግዛትና ማንበብ መቻል እንደሚለያዩት ይለያያሉ። ስለ ግማሹ ቀን ኪሳራ ግን፣ ሸማ ተራ በዚያ ሌሊት ያጣውን አስቦ ሒሳቡን ማወራረድ ለአባባ ራሳቸው እንተወዋለን፤ ሒሳብ ከእኛ ይልቅ ነጋዴ ያውቃልና።

ለመሆኑ ትምህርቱ ምን ያስተምራል? ዋና ዋናውን እነሆ።

እሳት በሦስት ነገር ይኖራል፤ በሙቀት፣ በሚቀጣጠል ነገርና በአየር። ከሦስቱ አንዱን የነሡት እንደሆነ ይሞታል። ይህችን የተረዳ ሰው ሌላውን ሁሉ ይረዳል። በድስት ውስጥ የተቀጣጠለ ዘይት በክዳን ሲከደን አየር አጥቶ ይጠፋል፤ ውሃ ቢደፋበት ግን ዘይቱ ተፈናጥሮ ቤቱን ያነደዋል። በኤሌክትሪክ የተነሣ እሳት ከሆነ አስቀድሞ መስመሩን ከቆጣሪው አጠገብ ማጥፋት ነው፤ ውሃ የረጨበት ሰው በኤሌክትሪክ ይመታል።

የእሳት ማጥፊያ ሲያነሡ፣ መቆለፊያ ቀለበቱን ይንቀሉ፤ አፉን ወደ ነበልባሉ ጫፍ ሳይሆን ወደ እሳቱ ሥር ያነጣጥሩ፤ እጀታውን ይጨብጡ፤ ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚጠርግ ሰው ያንቀሳቅሱት። በየሱቁ የሚሰቀለው ዓይነት ማጥፊያ የሚረጨው ለግማሽ ደቂቃ እንኳ ላይሆን ይችላል። ግማሹን ጊዜ «ይኸ ነገር እንዴት ነው የሚከፈተው?» እያለ የፈጀ ሰው ግማሹን መድኃኒት በአየር ላይ ይጨርሰዋል። ሁልጊዜም መውጫው በር ከኋላዎ ይሁን፤ እሳቱ በእርስዎና በበሩ መካከል እንዲገባ ፈጽሞ አይፍቀዱለት።

ጭሱ ከነበልባሉ ይብሳል። ቤት ዘግቶ ከሰል አንድዶ የተኛ ሰው እንዴት እንደሚሞት ሁላችንም ሰምተናል። የስፖንጅ ፍራሽና የናይለን ጨርቅ ጭስ ደግሞ ከከሰሉም የከፋ መርዝ አለው። ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ ንጹሑ አየር ወደ ወለሉ ተጠግቶ ይገኛል፤ ስለዚህ ጎንበስ ብሎ፣ ካስፈለገም በእንብርክክ መውጣት ነው። ልብሱ የተቀጣጠለበት ሰው መሮጥ የለበትም፤ ነፋሱ እሳቱን ያራግበዋል። መሬት ላይ ወድቆ መንከባለል አለበት። የተቃጠለ ገላ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙናና ጭቃ መቀባቱ ቁስሉን ማባባስ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ጩኸትና ስልክ ነው። የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን የአደጋ ጥሪ ቁጥር 939 ነው። «እኔ ላጥፋው፣ ካቃተኝ እደውላለሁ» የሚል ሰው የሚደውለው እሳቱ ካደገ በኋላ ነው። አንዱ ሲያጠፋ ሌላው ይደውል፤ ሦስተኛው ወደ ዋናው መንገድ ወጥቶ መኪናውን ይምራ። «መርካቶ፣ ከሱቁ ኋላ» ብሎ መናገር ለመርካቶ ልጅ እንኳ አይገባም፤ የተራውን ስምና የሚታወቅ ምልክት መስጠት ያስፈልጋል።

በሩም አይረሳ። በፈረንጅ አቆጣጠር በመጋቢት ወር 1911 በኒው ዮርክ ከተማ ትራያንግል በተባለ የልብስ ፋብሪካ እሳት ተነሥቶ 146 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ከባሕር ማዶ መጥተው በስፌት የሚተዳደሩ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ከመውጫዎቹ አንዱ በር ተቆልፎ ነበር፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹም መሰላል ሠራተኞቹ እስካሉበት ፎቅ አልደረሰም። ከዚያ ወዲያ የኒው ዮርክ ሕግ ተለወጠ፤ በፋብሪካዎች ከእሳት የማምለጥ ልምምድ እንዲደረግ ታዘዘ። ጨርቅ፣ ጠባብ ሥፍራና የተቆለፈ በር፤ ይህ ሁሉ ለመርካቶ እንግዳ ነገር አይደለም። ሌባ እንዳይገባ ተብሎ የኋላው በር በቁልፍ ሲዘጋ፣ ውስጥ የሚያድረው ሠራተኛ በምን ይወጣ?

አሁን ከላይ በልብዎ ይያዙልን ያልንዎትን ነጥብ ያውጡት። እሳት ባለሱቁ ያለበትን ሰዓት መርጦ አይነሣም። የሸማ ተራው እሳት የተነሣው በምሽት ነው። በዚያ ሰዓት በገበያው ውስጥ የሚገኘው ማን ነው? ዘበኛው፣ ዕቃ የሚያወርደው ተሸካሚ፣ የከሰል ምድጃዋን የምትሰበስበው ሻይ ሻጭ፣ በሱቁ ውስጥ የሚያድረው ልጅ። ታዲያ ለስብሰባ የሚጠራው፣ ወረቀት የሚሰጠው፣ ትምህርት የሚወስደው ባለሱቁ ብቻ ከሆነ፣ እውቀቱ ማታ ከባለሱቁ ጋራ ወደ ቤቱ ሄዶ ይተኛል ማለት ነው። ከአምስቱ ጓደኞች የተማረው አንዱ ቢቀበር እንዳልነው ነው።

ደግሞ ትምህርት ድፍረት ብቻ የሚሰጥ እንደሆነ ይጎዳል። በበረዶው አገር ትምህርት የወሰዱ ሰዎችም በናዳ ሞተዋል፤ «እኛ እናውቃለን» ብለው ያላወቀው ሰው ከሚፈራው ተዳፋት ላይ ወጡ። ስለዚህ በዚያ አገር ያሉ ጥሩ አስተማሪዎች ከመቆፈር ይልቅ መመለስን አጥብቀው ያስተምራሉ። በእሳትም እንዲሁ ነው። እሳቱ ከቆሻሻ ቅርጫት ያልበለጠ፣ መውጫዎም ክፍት ከሆነ ይታገሉት። ወደ ግድግዳው ከወጣ፣ ጭሱ ክፍሉን ከሞላ ወይም ማጥፊያው ካለቀ፣ በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ይውጡ። የተዘጋ በር አየር ስለሚከለክለው እሳቱን ያዘገየዋል። ከወጡም በኋላ አይመለሱ።

ይህን የምንለው የሰውን ርኅራኄ ለመንቀፍ አይደለም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለው ቀበሌ፣ ዝናብ ያራሰው ተራራ ተንዶ ሰዎችን ቀበረ። ጎረቤት ሁሉ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጦ ሲቆፍር ሁለተኛ ናዳ መጣና ረዳቶቹን ደረበባቸው። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። እነዚያ ሰዎች ያደረጉት የኢትዮጵያዊ ወግ የሚያዘውን ነው፤ ጎረቤቱ ተቀብሮ ቆሞ የሚያይ ከእኛ መካከል ማነው? የሚቆጨን፣ «አንዱ ከላይ ሆኖ ተራራውን ይመልከት፤ ጥቂቶች ብቻ ይቆፍሩ፤ የቀረው ከተዳፋቱ ይራቅ» የሚለው ልማድ አስቀድሞ በየገጠሩ ያልተሰጠ መሆኑ ነው። ጀግንነቱ ሞልቶ ነበር፤ የጎደለው ልምምዱ ነበር።

ልምምድ የሚሠራውን ደግሞ ከጃፓን እንይ። በፈረንጅ አቆጣጠር መጋቢት 11 ቀን 2011 ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆኖ ባሕሩ ወደ የብስ በወጣ ጊዜ፣ በካማይሺ ከተማ ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አዛዥ ሳይጠብቁ እንደ ተለማመዱት ወደ ከፍታ ሮጡ። በጎረቤት ያሉት የአንደኛ ደረጃ ልጆች እነርሱን አይተው ተከተሏቸው፤ ትልልቆቹም ትንንሾቹን እጃቸውን ይዘው ወጡ። በዚያ ቀን በከተማው ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከነበሩት ወደ 3,000 ከሚጠጉ ልጆች ሁሉም ማለት ይቻላል ዳኑ። ልጆቹን ያዳናቸው በየጊዜው አሰልቺ እስኪመስል ድረስ የተደጋገመ ልምምድ ነው።

እንግዲህ እርስዎ፣ ተማሪም ሆኑ የመንግሥት ሠራተኛ፣ «እኔ ሱቅ የለኝ፤ ይህ ነገር ምን አገባኝ?» ይሉ ይሆናል። ተማሪ ከሆኑ፣ መኝታ ቤትዎ ውስጥ ስንት ሰው በአንድ ሶኬት ላይ ውሃ ያፈላል? የመውጫው በር ማታ ቁልፉ በማን እጅ ነው? የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ፣ መዝገብ ቤትዎ ውስጥ የተከመረው ፋይል ከሸማ ተራ ጣቃ በምን ያንሳል? በኮሪደሩ ላይ የተሰቀለው ማጥፊያ መርፌው አረንጓዴው ላይ ነው ወይስ ቀዩ ላይ? ነገ ጠዋት ሲገቡ ይመልከቱት፤ ለመመልከት የአለቃ ፈቃድ አያስፈልግም። ቀዩ ላይ ከሆነ አንድ አጭር ማስታወሻ ለአስተዳደሩ ይጻፉ። ማስታወሻ መጻፍ መቼም የእኛ ሙያ ነው።

ወላጆችዎ ወይም ዘመዶችዎ መርካቶ ውስጥ የሚነግዱ ከሆነ ደግሞ ሥራው ከዚህ ይከብዳል፤ ይጠቅማልም። እኛ ኢትዮጵያውያን ለቀብር ዕድር አለን፤ ለገንዘብ እቁብ አለን። በየወሩ የሚሰበሰበው ይኸው ሰው፣ ከስብሰባው ግማሽ ሰዓት ቀንሶ፣ አንድ የእሳት አደጋ ባለሙያ ጠርቶ፣ በሜዳ ላይ ትንሽ እሳት አንድዶ፣ ዘበኛውም ተሸካሚውም ሻይ ሻጯም ተራ በተራ ማጥፊያውን በእጃቸው እንዲሞክሩ ቢያደርግ ምን ይጎድልበታል? ደብዳቤውን የሚጽፍ ሰው ይፈልጋሉ፤ እርስዎ ይጻፉላቸው። ትምህርቱን በቀላል አማርኛ የሚያስረዳ ሰው ይፈልጋሉ፤ እርስዎ ያስረዱላቸው። የተማሩበት ትምህርት አንድ ቀን እንኳ ለአባትዎ ሱቅ ጥቅም ይስጥ።

ልምምዱም አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚተው አይሁን። እጅ ይረሳል፤ ሠራተኛም ይለዋወጣል። በበረዶው አገር ያሉት ሰዎች በየዓመቱ፣ በረዶው ከመውረዱ በፊት፣ ራዲዮአቸውን እንደገና ፈትሸው፣ የተደበቀ ዕቃ እየፈለጉ ይለማመዳሉ። እኛም በየዓመቱ አንድ ቀን ብንመርጥ፣ ለምሳሌ ጥቅምት 11ን፣ የሸማ ተራ ሌሊት በከንቱ አላለፈም ማለት ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለኋላ ጸጸት ነው። አባቶቻችን ለቅድሚያ ጥንቃቄ የተዉልን ቃል ግን ሌላ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል። ቅጠሉ በእጅዎ ነው፤ እሳቱ ገና አልተነሣም። የማጥፊያውን መርፌ ሳይመለከቱ የነገውን ሥራ አይጀምሩ።